ስም የሌለው፣ ግን ሁሉ የሚያየው ገንዘብ፦ የቢትኮይን ገመና መጠበቂያዎችና የፋይናንስ ክትትል

በኢንተርኔት ስለሚዘዋወረው ዲጂታል ገንዘብ ስለ ቢትኮይን ከሚነገሩት ነገሮች ሁሉ ከእውነት በጣም የራቀው «ዱካ የሌለው ገንዘብ ነው» የሚለው ነው። ቢትኮይን ሥራ ከጀመረበት ከጃንዋሪ 2009 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) አንሥቶ የተደረገ እያንዳንዱ ዝውውር፣ ከየትኛው አድራሻ (እንደ ሒሳብ ቁጥር ከሚያገለግል የፊደላትና የቁጥሮች ድርድር) ወጥቶ ወደ የትኛው እንደገባ፣ መጠኑ ስንት እንደነበርና መቼ እንደተመዘገበ፣ ኢንተርኔት ያለው ማንኛውም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ሊያገላብጠው በሚችል አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። መዝገቡ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ የሚቀመጥ በመሆኑ አይሰረዝም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርመውም የለም። ከመዝገቡ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም የአድራሻው ባለቤት ስም ነው።

ባንክ ነገሩን የሚይዘው በተቃራኒው ነው። ባንኩ የደንበኛውን ስም፣ ፎቶግራፍና የመታወቂያ ቁጥር ያውቃል፤ የሒሳቡን እንቅስቃሴ ግን ከባንኩ ሠራተኞችና ሕግ ሥልጣን ከሰጣቸው አካላት በቀር ሌላ ሰው አያየውም። የቢትኮይን ተጠቃሚ ስሙ ሳይታወቅ ይጀምራል፤ ይሁን እንጂ ስሙ አንድ ጊዜ ከአንድ አድራሻ ጋር ከተያያዘ፣ ያለፈውም የወደፊቱም እንቅስቃሴው ለመርማሪ ብቻ ሳይሆን ለአሠሪው፣ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛው፣ ለተፎካካሪ ነጋዴና ለዘራፊ ጭምር ገሃድ ይወጣል። ከዚህ ጠባይ ሁለት ተፃራሪ ሙያዎች ተወልደዋል፤ አንደኛው ስም ለሌለው አድራሻ ስም ፈልጎ ያወጣል፣ ሁለተኛው ስሙ እንዳይገኝ ዱካውን ያወሳስባል። የሁለቱ ፉክክር ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ክርክር አልፎ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ሶፍትዌር የጻፉ ሰዎችም ወኅኒ ወርደውበታል።

የክትትሉን ዘዴ ለመረዳት ቢትኮይን በዋሌት፣ ማለትም ገንዘቡን ለመያዝና ለመላክ በሚያገለግለው ሶፍትዌር፣ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋሌቱ ለባለቤቱ አንድ ድምር ቢያሳየውም፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ድምር ሳይሆን በተለያየ ጊዜ የተቀበላቸው የተለያየ መጠን ያላቸው ቁርጥራጮች ናቸው። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ብር ኖት ነው፤ ለመክፈል ሙሉውን መስጠት ግድ ይላል፣ የተረፈው በመልስ ይመጣል። የ1 ቢትኮይን ቁራጭ ያለው ሰው 0.3 መክፈል ቢፈልግ ቁራጩ በሙሉ ይወጣና 0.3 ወደ ሻጩ ሲሄድ፣ ቀሪው የማስተላለፊያ ክፍያው ተቀንሶለት ወደ ራሱ ወደ ከፋዩ ሌላ አድራሻ ይመለሳል።

መርማሪው ሥራውን የሚጀምረው ከዚሁ መልስ ነው። አንድ ዝውውር ሁለት መድረሻ ካለው አንዱ የሻጩ፣ ሌላው የከፋዩ መልስ እንደሆነ ይገመታል፤ 0.3 የተጠጋጋ ቁጥር በመሆኑ ዋጋ ይመስላል፣ 0.69987 ደግሞ መልስ ይመስላል። ከዚህ የሚጠነክር ፍንጭም አለ። አንድ ሰው ለአንድ ትልቅ ክፍያ ሦስት ትናንሽ ቁርጥራጮችን በአንድ ላይ ካወጣ፣ እነሱን ለማውጣት የሦስቱንም የምስጢር ቁልፍ፣ ማለትም ዝውውሩን ለመፈረም የሚያስችለውን ምስጢራዊ ቁጥር፣ መያዝ ስለሚያስፈልግ፣ ሦስቱ አድራሻዎች የአንድ ሰው ናቸው ተብሎ ይወሰዳል። የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ በኦክቶበር 2008 ባሰራጨው ሰነድ ለእያንዳንዱ ዝውውር አዲስ አድራሻ መጠቀምን ከመከረ በኋላ፣ ብዙ ቁርጥራጮች በአንድነት ሲወጡ የባለቤታቸው አንድነት መታወቁ እንደማይቀር በዚያው ገጽ ላይ አምኗል። ችግሩ፣ እንግዲህ፣ በኋላ የተገኘ ሳይሆን ከመነሻው የታወቀ ነው።

በእነዚህ ግምቶች በርካታ አድራሻዎች ወደ አንድ ስብስብ ይጠቃለላሉ። ስብስቡ ስም የሚያገኘው ግን ከመዝገቡ ውጭ ነው። ቢትኮይንን በዶላር ወይም በዩሮ የሚገዙና የሚሸጡ የክሪፕቶ (ቢትኮይንን የመሰሉ ዲጂታል ገንዘቦች) መገበያያ ድርጅቶች በአብዛኞቹ አገሮች ደንበኛቸውን የማወቅ ሕጋዊ ግዴታ ስላለባቸው የፓስፖርት ቅጂ፣ የመኖሪያ አድራሻና ብዙ ጊዜም የፊት ምስል ይቀበላሉ። መርማሪው የገንዘቡን ጉዞ ተከትሎ እንዲህ ካለ ድርጅት ደጃፍ ሲደርስ ሕጋዊ ትእዛዝ ያቀርባል፣ ስሙም ይሰጠዋል። በ2014 የተመሠረተው ቼይናሊሲስና መነሻው ለንደን የሆነው ኤሊፕቲክ ይህንኑ የክትትል ሥራ ለመንግሥታት፣ ለባንኮችና ለመገበያያ ድርጅቶች የሚሸጡ ኩባንያዎች ናቸው።

ዘዴው ውጤት እንደሚያስገኝ አያጠራጥርም። በኦገስት 2016 ቢትፊኔክስ ከተባለው መገበያያ 119,754 ቢትኮይን ተሰርቆ ነበር፤ ሌባው ገንዘቡን በብዙ አድራሻዎች እየበታተነና የብዙ ሰዎችን ቢትኮይን በሚቀላቅሉ ማደባለቂያዎች እያሳለፈ ለዓመታት ሲያንቀሳቅስ ቆየ። መዝገቡ ግን አይረሳምና፣ በፌብሩዋሪ 2022 የአሜሪካ መንግሥት ከ94,000 የሚበልጠውን ቢትኮይን መያዙንና በጉዳዩ የተጠረጠሩ ባልና ሚስትን ማሰሩን አስታወቀ፤ የተያዘው ገንዘብ በዚያን ጊዜ ዋጋ 3.6 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። በ2019 ይፋ በሆነው ሌላ ምርመራ ደግሞ የሕፃናትን ወሲባዊ ጥቃት ምስሎች ይሸጥ ወደነበረ ድረ ገጽ የገቡትን የቢትኮይን ክፍያዎች በመከተል በ38 አገሮች 337 ሰዎች ተይዘዋል። ጥሬ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ይህ ምርመራ የሚጀምርበት ጫፍ እንኳ አይገኝም ነበር፤ የክትትሉን ጉዳት የሚያነሣ ሰው ይህንን ሸሽቶ ማለፍ የለበትም።

ይሁንና ግምት ግምት መሆኑ አይቀርም። ከ2011 እስከ 2021 ይሠራ የነበረውን ቢትኮይን ፎግ የተባለ ማደባለቂያ አንቀሳቅሷል ተብሎ በዋሽንግተን በተከሰሰው በሮማን ስተርሊንጎቭ ጉዳይ፣ ጠበቆቹ የቼይናሊሲስ ሶፍትዌር ምን ያህል ጊዜ እንደሚሳሳት የሚያሳይ ማስረጃ ይቅረብልን ብለው ሲሞግቱ፣ የኩባንያው ባለሙያ ትክክለኛነቱን የለካ ሳይንሳዊ ጥናት እንደማታውቅ በ2023 መስክራለች። ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን ተቀብሎታል፤ ተከሳሹም በማርች 2024 ጥፋተኛ ተብሎ በዚያው ዓመት የ12 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደበት። በጉዳዩ ሌሎች ማስረጃዎችም ስለነበሩ ፍርዱ ስሕተት ነው ለማለት አያስደፍርም። ነገር ግን ውስጡ ተገልጦ ያልታየ የንግድ ሶፍትዌር የሰውን ነፃነት በሚወስን ችሎት ላይ እንደ ምስክር ሲቆም፣ ስንት ጊዜ ይሳሳታል ብሎ መጠየቅ ከተከሳሽ ጠበቃ ብቻ የሚጠበቅ ጥያቄ አይደለም።

ወደ መከላከያው ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተራ የጥንቃቄ ልማዶች ናቸው። ለሚቀበሉት ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ አድራሻ መጠቀም፣ ከመገበያያ የተገዛውን ቁራጭ ከሌላ ቦታ ከመጣው ጋር በአንድ ክፍያ አለማውጣት፣ እንዲሁም የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ በራስ ኮምፒውተር ማስኬድ ከእነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ የስልክ ዋሌት ቀሪ ሒሳብን ለማሳየት የአንድ ኩባንያ ሰርቨርን የሚጠይቅ ከሆነ ያ ኩባንያ የባለቤቱን አድራሻዎች በሙሉ ከኢንተርኔት መለያው ጋር አያይዞ ሊመለከት ይችላል። እነዚህ ልማዶች አዲስ ዱካ እንዳይፈጠር ያግዛሉ እንጂ የተፈጠረውን አያጠፉም።

የተፈጠረውን ለማወሳሰብ መጀመሪያ የመጡት ማደባለቂያዎች በእምነት ላይ የቆሙ ነበሩ። ተጠቃሚው ቢትኮይኑን ለማደባለቂያው ባለቤት ይልካል፣ ባለቤቱ ከሌሎች ሰዎች ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ፣ ድርሻውን ቀንሶ፣ ሌላ ቢትኮይን ይመልስለታል። ባለቤቱ ገንዘቡን ይዞ ሊጠፋ ይችላል፤ ማን ምን እንደላከ የሚያሳይ ዝርዝርም በእጁ ስለሚቀር ሰርቨሩ ከተያዘ የሁሉም ገመና አብሮ ይያዛል። ሔሊክስ የተባለው እንዲህ ያለ ማደባለቂያ ከ350,000 በላይ ቢትኮይን ካስተላለፈ በኋላ ባለቤቱ በ2021 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኗል። ይህ ዓይነቱ አገልግሎት የሌላውን ሰው ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ የገንዘብ አስተላላፊ ፈቃድ ያስፈልገዋል ቢባል ብዙም የሚያከራክር አይደለም።

ክርክሩ የከረረው በሁለተኛው ዓይነት ነው። ግሬግ ማክስዌል የተባለው የቢትኮይን ሶፍትዌር ባለሙያ በ2013 ኮይንጆይን ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ማንም ገንዘቡን ለማንም ሳያስረክብ መደባለቅን የሚያስችል ነው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 0.05 ቢትኮይን ይዘው ይምጡ እንበል። አምስቱም በአንድ ዝውውር ላይ ይፈርማሉ፤ በዝውውሩ መውጫ በኩል አምስት አዳዲስ አድራሻዎች እኩል 0.05 ይደርሳቸዋል። መዝገቡን የሚያነብ ሰው አምስት ሲገቡና አምስት ሲወጡ ያያል፣ የትኛው የገባ የትኛው ሆኖ እንደወጣ ግን መጠናቸው እኩል ስለሆነ አይለይም። ማንም የሌላውን ፊርማ መፈረም ስለማይችል፣ ዝውውሩ የማይስማማው ተሳታፊ ፊርማውን ነፍጎ ይወጣል እንጂ ገንዘቡ አይወሰድበትም። «በአንድ ላይ የወጡ ቁርጥራጮች የአንድ ሰው ናቸው» የሚለው የመርማሪዎች ግምትም እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ዝውውሩን የሚያሰናዳ፣ ተሳታፊዎችን የሚያገናኝ አንድ አስተባባሪ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። አስተባባሪው ራሱ ማን የትኛውን እንደወሰደ እንዳያውቅ፣ ዴቪድ ቻውም በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው ሥውር ፊርማ የሚባል ዘዴ ይረዳል፤ በዚህ ዘዴ አስተባባሪው የሚፈርመውን ነገር ሳያይ ይፈርማል፣ በኋላም ፊርማው የራሱ መሆኑን እንጂ ለማን የፈረመው መሆኑን መለየት አይችልም። ዋሳቢና ሳሙራይ የተባሉት ዋሌቶች ታዋቂ የሆኑት በእንዲህ ዓይነት አሠራር ነው። ጆይንማርኬት የተባለው ደግሞ ማዕከላዊ አስተባባሪን አስቀርቶ፣ ለመደባለቅ ቢትኮይናቸውን የሚያቀርቡ ሰዎች ትንሽ ክፍያ እንዲያገኙ በማድረግ ይሠራል።

እዚህ ላይ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አለ። በቢትኮይን መዝገብ ላይ ገመናን ለብቻ መጠበቅ አይቻልም። አንድ ሰው ቢትኮይኑን ከራሱ አድራሻ ወደ ራሱ አድራሻ መቶ ጊዜ ቢያዘዋውር ዱካው ይረዝማል እንጂ አይጠፋም፤ የሚሰወረው ከሌሎች ጋር ሲሆን ብቻ ነው፣ የሚሰወርበትም መጠን በተሳታፊዎቹ ቁጥር ልክ ነው። ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ከደመወዙ መጠን በቀር የሚደብቀው የሌለው ሰው ይኖራል፣ ሌባም ይኖራል። መሣሪያው ሁለቱን ለይቶ ቢያውቅ ኖሮ ለሁለቱም ባልሠራ ነበር። በፍርድ ቤት እየተነሣ ያለው ጥያቄ፣ ሲጠቀለል፣ ሰዎቹን የሰበሰበው በመካከላቸው ስለተገኘው ሌባ ምን ያህል ይጠየቃል የሚል ነው።

ኮይንጆይን ፍጹም አለመሆኑንም መጥቀስ ያሻል። 0.05 ሆኖ ሊደባለቅ ያልቻለው ትርፍ በመልስነት ተነጥሎ ይወጣል፣ እሱም ከቀድሞው ባለቤት ጋር እንደተያያዘ ይቀራል። ተደባልቀው የወጡትን ሦስት ቁርጥራጮች መልሶ በአንድ ክፍያ ያወጣ ሰው ድካሙን በራሱ እጅ ያፈርሳል። ከዚህ በላይ ደግሞ ዝውውሩ እኩል እኩል በሆኑ መውጫዎቹ ከሩቅ ይታወቃል፤ በርካታ መገበያያዎች ከእንዲህ ያለ ዝውውር የመጣ ቢትኮይን ሲደርሳቸው ሒሳቡን ያግዳሉ ወይም ማብራሪያ ይጠይቃሉ። በዚህ ምክንያት መደበቁን ራሱን የሚደብቁ ዘዴዎች እየተሠሩ ነው። ፔይጆይን የሚባለው ገዢውና ሻጩ ሁለቱም የየራሳቸውን ቁራጭ በአንድ ዝውውር እንዲያስገቡ ያደርጋል፤ ለተመልካች ተራ ክፍያ ይመስላል፣ የባለቤትነት ግምቱ ግን ሐሰት ይሆናል። ላይትኒንግ የሚባለው መረብ ደግሞ የየዕለቱን ክፍያ ከመዝገቡ ውጭ ያደርገውና መዝገቡ ላይ የሚታየው በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የክፍያ መስመር የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ዝውውር ብቻ ይሆናል። ሞኔሮ ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሌላ ገንዘብ ሲሆን ላኪውን፣ ተቀባዩንና መጠኑን በሙሉ በራሱ የሚሰውር ነው፤ የክሪፕቶ መገበያያው ባይናንስ በፌብሩዋሪ 2024 ከገበያው ያስወጣውም ይህን በመሰለ ጠባዩ ላይ በተነሣው የቁጥጥር ጫና ውስጥ ነው።

የክትትሉ ሕግ ከቢትኮይን በጣም ይቀድማል። አሜሪካ በ1970 ያወጣችው የባንክ ሕግ ባንኮች ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴን ለመንግሥት እንዲያሳውቁ አስገደደ፤ አሐዙ ከዚያ ወዲህ ከዋጋ ንረት ጋር ባለመስተካከሉ በዚያ ዘመን ሁለት አዳዲስ መኪናዎች ይገዛ የነበረው ገንዘብ ዛሬ አንድ አዲስ መኪና እንኳ ላይገዛ ይችላል። በ1976 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰው በፈቃዱ ለባንክ የሰጠውን መረጃ መንግሥት ያለ ብርበራ ፈቃድ ቢወስድ የሕገ መንግሥት ጥሰት አይሆንም ብሎ ወሰነ። ዛሬ በአሜሪካ የፋይናንስ ክትትል የቆመው በእነዚህ ሁለት ምሰሶዎች ላይ ነው፤ ሁለቱም የተተከሉት አብዛኛው ሰው በኪሱ በያዘው ጥሬ ገንዘብ ሲገበያይ፣ ባንክ የሚያየውም የሕይወቱን ጥቂት ክፍል በነበረበት ጊዜ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ሕጉን የሚያዛምተው መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው፣ በምሕጻረ ቃሉ ፋትፍ የሚባለው የመንግሥታት ኅብረት ነው። ኅብረቱ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን በመቆጣጠር ረገድ ጉድለት አለባቸው የሚላቸውን አገሮች በይፋ ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፤ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የውጭ ባንኮችን ያስበረግጋል። ኢትዮጵያም ከ2017 እስከ ኦክቶበር 2019 በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቆይታ ነበር። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ በሐዋላ ገንዘብ የላከ ሰው የላኪና የተቀባይ ስም፣ መታወቂያና አድራሻ እንዲሞላ የሚጠየቀው ከእነዚሁ ደንቦች በመነጨ ግዴታ ነው። ፋትፍ በጁን 2019 ይህ ግዴታ በክሪፕቶ መገበያያዎች ላይም እንዲጸና ወሰነ።

ሳሙራይ ዋሌት በዚህ መካከል ነው የተያዘው። መሥራቾቹ ኪዮን ሮድሪጌዝና ዊልያም ሎነርጋን ሂል በኤፕሪል 2024፣ አንደኛው በአሜሪካ ሁለተኛው በፖርቹጋል፣ በኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ክስ ተያዙ። በክሱ መሠረት በመደባለቂያቸውና በአንድ ተጓዳኝ አገልግሎት ከ80,000 በላይ ቢትኮይን አልፏል፣ ከዚህም ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጠው በወንጀል የተገኘ ነበር። የተመሠረተባቸው ክስ ሁለት ነው፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ለማቅረብ ማሴርና ያለፈቃድ የገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ ለማካሄድ ማሴር። ሁለተኛው ነው ባለሙያዎቹን ያስደነገጠው፤ ምክንያቱም ሳሙራይ የማንንም የምስጢር ቁልፍ አልያዘም፣ የማንንም ገንዘብ ብቻውን ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር።

የአሜሪካ ግምጃ ቤት የፋይናንስ ወንጀሎች መሥሪያ ቤት ፊንሰን በሜይ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማንነትን የሚሰውር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ገንዘብ አስተላላፊ እንደሚባል፣ ሶፍትዌሩን ብቻ ያቀረበ ሰው ግን እንደማይባል ለይቶ ነበር። ከዚህም አልፎ፣ በኦገስት 2023 የፊንሰን ባለሙያዎች ራሳቸው ሳሙራይ ገንዘብ ስለማይይዝ በመመሪያው መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው እንደማይመስላቸው ለዐቃብያነ ሕጉ መንገራቸው በ2025 በተከሳሾቹ ጠበቆች በኩል ይፋ ሆነ። ክሱ ግን አልተነሣም። ሁለቱ መሥራቾች በጁላይ 2025 ያለፈቃድ ገንዘብ ለማስተላለፍ ማሴርን አምነው፣ በኖቬምበር ሮድሪጌዝ የ5 ዓመት፣ ሂል የ4 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው።

ታሪኩ በዚህ ብቻ ቢቀር የኮድ ጸሐፊዎችን ንጽሕና የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ በሆነ ነበር፤ ግን በዚህ አይቀርም። በዐቃቤ ሕጉ መሠረት ሂል ዋሌቱን የጥቁር ገበያ ተጠቃሚዎች በሚሰበሰቡበት የዳርክኔት (በተራ ማፈላለጊያ የማይገኘው ሥውር የኢንተርኔት ክፍል) ሰሌዳ ላይ ያስተዋውቅ ነበር፤ ለባለ ሀብቶች በተዘጋጀው ጽሑፍም ከሚጠበቁት ደንበኞች መካከል የእነዚሁ ገበያዎች ተሳታፊዎች ተጠቅሰዋል። መሣሪያ የሠራና መሣሪያውን «ለሌብነት ይሆናችኋል» ብሎ የሸጠ አንድ አይደሉም። በእኔ እይታ የሳሙራይ ጉዳይ መጥፎ መለኪያ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሰዎቹን ያስጠላቸው ያንደበታቸው ነገር ሆኖ ሳለ፣ የተፈረደባቸው አንቀጽ ግን አንደበቱን የቆጠበውን ሰውም ሊይዝ የሚችል ነው።

ተመሳሳይ ውጥንቅጥ ኢቴርየም በተባለው ሌላ የክሪፕቶ መረብ ላይ በሚሠራው ቶርኔዶ ካሽ በተባለ ማደባለቂያ ዙሪያም ታይቷል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኦገስት 2022 ማዕቀብ ጣለበት፤ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ላዛረስ የተባለው የሰሜን ኮርያ የሳይበር ቡድን የዘረፈውን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር በዚያ ማሳለፉ ነበር። በኖቬምበር 2024 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ማንም ሊለውጠው የማይችል ኮድ የማንም ንብረት ስላልሆነ በንብረት ሕግ ማዕቀብ አይጣልበትም ብሎ ወሰነ፤ ማዕቀቡም በማርች 2025 ተነሣ። ያም ሆኖ ከሠሪዎቹ አንዱ አሌክሴይ ፐርትሴቭ በኔዘርላንድስ በ2024 የ5 ዓመት ከ4 ወር እስራት ተፈርዶበታል፣ ሌላው ሮማን ስቶርም ደግሞ በኦገስት 2025 በኒው ዮርክ ያለፈቃድ ገንዘብ በማስተላለፍ ሤራ ጥፋተኛ ተብሏል፤ በቀሩት ሁለት ክሶች ላይ የሸንጎው አባላት መስማማት አልቻሉም። ከዋሳቢ ጀርባ የነበረው ኩባንያ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ከ2022 ጀምሮ በክትትል ኩባንያ መረጃ እየታገዘ አጠራጣሪ ቢትኮይንን ከመደባለቂያው ሊያግድ ተነሣ፣ በዚህም በተጠቃሚዎቹ ተወገዘ፣ በመጨረሻም ከሳሙራይ መያዝ በኋላ በጁን 2024 አስተባባሪውን ዘጋ። ሌባውን ለይቼ ላስወጣ ያለውም፣ አልለይም ያለውም አልተረፈም።

ክትትል የሚፈልጉት ወገኖች ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆስፒታልን ዘግቶ ቤዛ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ወንበዴ ክፍያውን የሚቀበለው በቢትኮይን ነው፤ ገንዘቡ ሳይያዝ የተደባለቀ እንደሆነ መልሶ ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን በሌላው ወገን ያሉትም ወንጀለኞች ብቻ አይደሉም። በኦክቶበር 2020 በናይጄሪያ የፖሊስ ጭካኔን በመቃወም በተነሣው ኤንድሳርስ ንቅናቄ ወቅት ለተጎዱና ለታሰሩ ሰዎች ገንዘብ የሚያሰባስበው ፌሚኒስት ኮአሊሽን የተባለው የሴቶች ቡድን የባንክ መንገዱ ሲዘጋበት ወደ ቢትኮይን ዞረ፤ የተጠቀመበት ቢቲሲፔይ የተባለ ሶፍትዌርም ለእያንዳንዱ ለጋሽ አዲስ አድራሻ ስለሚሰጥ መዋጮው በአንድ አድራሻ ላይ ተከማችቶ ለማንም ዓይን አልተሰጠም። ካናዳም በፌብሩዋሪ 2022 በከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ተቃውሞ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የባንክ ሒሳቦችን አግዳ ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2024 እርምጃው ምክንያታዊ አልነበረም ብሏል። ተቃዋሚዎቹን መውደድ ወይም አለመውደድ ሌላ ነገር ነው፤ ውሳኔው የመጣው ግን ሒሳባቸው ከታገደ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ከመንግሥት ይልቅ ዘራፊን የሚፈራ ሰውም ምክንያት አለው። የምስጢር ቁልፍ ማስቀመጫ መሣሪያ የሚሸጠው ሌጀር በ2020 የደንበኞቹ መረጃ ወጥቶበት፣ ከ270,000 በላይ የሚሆኑ ሰዎች ስምና የመኖሪያ አድራሻ በኢንተርኔት ተበተነ። በሜይ 2025 ደግሞ የአሜሪካው መገበያያ ኮይንቤዝ፣ በውጭ አገር ያሉ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ጉቦ ተቀብለው ወደ 70,000 የሚጠጉ ደንበኞችን ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ምስልና የሒሳብ መጠን ጭምር ለወንጀለኞች አሳልፈው መስጠታቸውን ገለጸ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ከሌጀር መሥራቾች አንዱ በፈረንሳይ ተጠልፎ፣ ቤዛ ለማስከፈል ጣቱ ተቆርጧል። ደንበኛን የማወቅ ግዴታ ወንጀልን ለመከላከል የተደነገገ ነው፤ ይሁንና ማን ሀብታም እንደሆነና የት እንደሚኖር የሚያሳይ ዝርዝር በአንድ ቦታ እንዲከማች ማድረጉም ከእውነታው አይሸሸግም፣ ዝርዝሩን ከክፍቱ መዝገብ ጋር ያገናዘበ ወንበዴም የሰውየውን ሀብት በየቀኑ ሊከታተል ይችላል።

እኔ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አጋድሏል ባይ ነኝ። መርማሪዎች ከክፍቱ መዝገብ፣ ከጥሬ ገንዘብ ፈጽሞ ሊያገኙት ያልቻሉትን ነገር አግኝተዋል፤ ያገኙትም የወንጀለኛውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ሰው የገንዘብ ታሪክ ነው። ከዚህ ውጭ የቀረውን ጥቂት መደበቂያ መዝጋት ግድ ነው ከተባለ፣ አስረጂው ከሳሹ ወገን መሆን ነበረበት። ሕግ ሊይዘው የሚገባው ሰው ገንዘቡ ከወንጀል የመጣ መሆኑን እያወቀ ያሳለፈውን ነው፤ ይህን ለማስረዳት የሚያስችል የወንጀል አንቀጽ ድሮም አለ። 

ቀጣዩ ፍጥጫ የሚሆነው በመገበያያውና በግል ዋሌት መካከል ባለው በር ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 30፣ 2024 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው ደንብ መሠረት አንድ ደንበኛ ከ1,000 ዩሮ በላይ ወደ ራሱ የግል ዋሌት ሲያወጣ ወይም ከዚያ ሲያስገባ፣ መገበያያው ዋሌቱ በእርግጥ የእሱ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከጁላይ 10፣ 2027 ጀምሮ ደግሞ የኅብረቱ መገበያያዎች ስም አልባ ሒሳብ እንዳይከፍቱና እንደ ሞኔሮ ያሉ ማንነትን የሚሰውሩ ገንዘቦችን እንዳይዙ ይከለከላሉ። በገዛ ስልኩ ላይ የግል ዋሌት የጫነን ሰው ደንቡ አይከለክለውም። ነገር ግን የዋሌቱ አድራሻ ከፓስፖርቱ ጋር ተያይዞ በመገበያያው ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ያደባለቀ እንደሆነ መደባለቁ በስሙ ይታያል፣ ቢትኮይኑን መልሶ ወደ ዩሮ ሊለውጥ ሲመጣም በሩ ላይ የሚጠብቀው የክትትል ሶፍትዌር የሚሰጠው የአደጋ ነጥብ ነው። ነጥቡ እንዴት እንደተሰላ ለደንበኛው አይነገረውም።